ለሁለተኛ ጊዜ የተሠራ ጉልበት፦ ከጅማ ለጠየቀችን የስፖርት መምህርት ምላሽ

ጥያቄው

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ29 ዓመት ሴት ስሆን ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት እጅ ኳስ ስጫወት የቀኝ ጉልበቴ የፊት መስቀለኛ ጅማት፣ ኤሲኤል የሚሉት፣ ተበጥሶ ከጭኔ ኋላ ጅማት ተወስዶ ተሠራልኝ። ስድስት ወር ይበቃል ተብዬ በስድስተኛው ወር ሜዳ ገባሁ። አምና ለተማሪዎቼ ዝላይ ሳሳይ ያው ጉልበት ከዳኝ። ከ11 ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ሄጄ በድጋሚ ተሠራሁ፤ አሁን የወሰዱት ከጉልበቴ ሎሚ በታች ካለው ጅማት ነው፤ ሜኒስከሱንም፣ በጉልበት አጥንቶች መሐል ያለውን ልስልስ ትራስ፣ ሰፍተውታል። እውነት ለመናገር ሕመሙ ከመጀመሪያው በጣም ይቀላል። ግን እግሬ እንደ ግራው ቀጥ ብሎ አይዘረጋም፣ ማታ ማታ ያብጣል፣ ጭኔም ከስቷል። እናቴ ወጌሻ ጋ ካልሄድን ትለኛለች። ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ይከፈታል። መቼ ነው እንደ ድሮዬ የምሆነው? ሦስተኛ ጊዜስ ይበጠስ ይሆን? አንዳንዴ ጥፋቱ የኔ ነው እያልኩ አለቅሳለሁ።»

ምላሽ

እህቴ፣ አላህ ያሽርሽ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እዚሁ ጅማ ከአሥር ዓመት በላይ የተሠሩ ጉልበቶችን ሳለማምድ ኖሬያለሁ። ያንቺን ጉልበት ግን በእጄ ስላልነካሁት እዚህ የምጽፍልሽ ነገር ቀዶ ሕክምናውን የሠራልሽን ሐኪም ቃል አይሽርም። የሚጋጭ ነገር ካገኘሽ የእሱን ያዢ፣ ምክንያቱንም ጠይቂው።

ከመስከረምም፣ ከሦስተኛው መበጠስም በፊት የሚቀድም ጉዳይ አለ። ከጻፍሽው ሁሉ ልቤን የያዘው «ቀጥ ብሎ አይዘረጋም» ያልሽው ነው። አንቺ በመሐል ጣል አድርገሽ አለፍሽው፤ እኔ ግን ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ንገራት ብባል የምነግርሽ ስለሱ ነው። የማይዘረጋ ጉልበት ያነክሳል፣ ሎሚው ሥር ሁልጊዜ ጫና ይኖራል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የፊት ጭን ጡንቻ ሙሉ ለሙሉ አይነቃም። ጭኔ ከሳ ብለሽ የጻፍሽውና አይዘረጋም ብለሽ የጻፍሽው ሁለት ችግር ሳይሆን አንድ ችግር ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ለኪው። አልጋ ላይ በሆድሽ ተኚና ከጉልበት በታች ያለው እግርሽ ከአልጋው ጠርዝ ውጭ እንዲንጠለጠል አድርጊ፤ ሎሚዎቹ ከጠርዙ ትንሽ አልፈው ይውጡ። እግሮችሽን ዘና አድርገሽ ልቀቂያቸው። እናትሽ ከኋላ ቆማ ሁለቱን ተረከዝ ትይ። ቀኙ ከግራው ከፍ ብሎ ከቀረ ልዩነቱን በልብስ ሰፊ ሜትር ትለካው። አንድ ሴንቲሜትር በግምት አንድ ዲግሪ ነው። ሁለት ሴንቲሜትር ከሆነ በሥራ የሚመለስ ነው። አምስትና ስድስት ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ አንብበሽ ሳትጨርሺ ለሐኪምሽ ደውዪ እልሻለሁ።

ለምን አልዘረጋም? አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ እብጠቱና ሕመሙ የኋላ ጭን ጡንቻን አኮማትረው ይዘውታል፤ ወይም ስትተኚ ከጉልበትሽ ሥር ትራስ ታደርጊያለሽ። ይህቺ ትራስ ብዙ ጉልበት አጥፍታለች፤ ዛሬውኑ አውጪያት። ሁለተኛው ከአዲሱ ጅማት ፊት ለፊት የምትበቅል የጠባሳ ጉብታ ናት። በካሜራ ሲያዩአት አንድ ዓይን ስለምትመስል ሐኪሞች ሳይክሎፕስ ይሏታል። በሩ ሥር እንደተወተፈ ጨርቅ ናት፤ ብትገፊውም በሩ ሙሉ አይከፈትም። ሦስተኛው አዲሱ ጅማት የገባበት የአጥንት ቀዳዳ ቦታ ነው፤ በድጋሚ ሥራ ላይ ያሮጌው ቀዳዳ ስለሚኖር ቦታ መምረጡ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሐኪምሽ መርምሮ፣ አስፈላጊ ከሆነም ኤምአርአይ አይቶ እንጂ እኔም ሆንኩ አንቺ በግምት አንለየውም።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ለሁለት ሳምንት በደንብ ሥሪበት። በጀርባሽ ተኝተሽ ተረከዝሽን በተጠቀለለ ጋቢ ላይ አስቀምጪ፤ ከጉልበትሽ ሥር ምንም አይኑር። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንዲሁ ይቆይ፤ በቀን አራት ጊዜ። ሊጨርስ ሲል የጉልበትሽን ጀርባ ወደ ፍራሹ እየተጫንሽ የፊት ጭንሽን አጥብቂ፣ አምስት ቁጥር ቁጠሪ፣ ልቀቂ፤ ሃያ ጊዜ። ሎሚውን በሁለት ጣት ይዘሽ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ በቀስታ አንሸራትቺው፤ ጅማቱ የተወሰደው ከሎሚው በታች ስለሆነ እዚያ ያለው ጠባሳ ሎሚውን ወደ ታች ጎትቶ ሊያስረው ይችላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተረከዞቹን እንደገና ለኪ። ልዩነቱ ካልቀነሰ ሐኪምሽ ይይሽ። የጠባሳ ጉብታ ከሆነ በትንሽ ካሜራ ገብቶ ማንሳት ይቻላል፤ ወራት ካለፉት ግን ዙሪያው ሁሉ ስለሚደድር መመለሱ ይከብዳል። እግርሽ እየተዘረጋ ቆይቶ ድንገት እንደተቆለፈ በር ቢቀር ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ የተሰፋው ሜኒስከስ ተላቆ መሐል ገብቶ ሊሆን ይችላል።

የማታው እብጠት ደግሞ የጉልበትሽ ንግግር ነው። ጉልበት ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እንኳ ሲጠራቀም ነርቮቹ የፊት ጭን ጡንቻን ያደክሙታል፤ አንቺ «አጥብቂ» እያልሽው እሱ እምቢ ይላል። ስንፍና አይደለም፣ የጉልበት ጠባይ ነው። ስለዚህ ያበጠ ጉልበት ላይ ክብደት መጨመር ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው። በየማታው እንዲህ ፈትሺው፦ ከሎሚው ውስጠኛ ጎን ፈሳሹን በመዳፍሽ ወደ ላይ ሁለት ሦስቴ ጥረጊ፣ ከዚያ በውጭኛው ጎን ከላይ ወደ ታች ጥረጊ። በውስጠኛው ጎን ትንሽ ማዕበል ተመልሳ ከሞላች ፈሳሽ አለ። እኔ የምሄድበት ደንብ የ24 ሰዓት ነው። ዛሬ የሠራሽው ነገር ነገ በዚሁ ሰዓት ጉልበቱን ከዛሬው የበለጠ አብጦ ካስገኘው በዝቷል፤ ቀንሺ። በዚያው ልክ ከቆየ ያንኑ ድገሚ። ከቀነሰ ጨምሪ። በረዶ በፌስታል አድርገሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዢበት፣ እግርሽንም ከልብሽ ከፍ አድርጊ። የሕመም ማስታገሻ ውጠሽ ልምምድ መሥራትን ግን ተዪ፤ የሚነግርሽን አፍ መዝጋት ነው።

ባትሽ ለብቻው ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ሲነካ ቢያም፣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ያ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። ትኩሳትና ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽም እንደዚያው።

አሁን «ሕመሙ ከመጀመሪያው በጣም ይቀላል» ወዳልሽው ልምጣ። ሁለተኛ ጊዜ የተሠሩ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ይሉኛል፤ እኔም በሰማሁ ቁጥር እፈራለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራ ሰው ሁሉ ነገር አዲስ ስለሆነበት ይጠነቀቃል። ሁለተኛ ጊዜ የተሠራ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ክራንች እንዴት እንደሚያዝ፣ የቱ ሕመም እንደሚያልፍ ያውቃል። ስለዚህ ይፈጥናል። ጅማቱ ግን መንገዱን አያውቀውም፤ ለእሱ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከሎሚሽ በታች ተቆርጦ ጉልበትሽ ውስጥ የገባው ጅማት በገባበት ቀን ጠንካራ ነበር። ከዚያ ግን የደም ሥሩ ስለተቋረጠ ውስጡ ያሉት ሕዋሳት ይሞታሉ፣ አዲስ የደም ሥር ይገባዋል፣ ቀስ በቀስም እንደ አዲስ ይገነባል። በዚህ መሐል ይደክማል። በጣም የሚደክምበት ጊዜ በግምት ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ማለትም አንቺ ዛሬ ያለሽበት ጊዜ። ሕመሙ በጣም የቀነሰበትና ጅማቱ በጣም የደከመበት ሳምንት አንድ ላይ ይገጥማሉ። መልሶ ተገንብቶ የጅማት መልክ እስኪይዝ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ባንቺ ላይ ደግሞ ሌላ ጭነት አለ፦ ያሮጌው ቀዶ ሕክምና ቀዳዳ፣ የኋላ ጭንሽ ጅማት መጀመሪያ ተወስዶ የደከመ መሆኑ፣ አሁን የፊቱም መነካቱ፣ የተሰፋው ሜኒስከስ። ከመጀመሪያው ብትዘገዪ ሊሆን የሚገባው ነው።

ለሜኒስከሱ ስፌት ስል የቤትሽን አቀማመጥ ላስተካክልልሽ። ክብደት አርፎበት ከ90 ዲግሪ በላይ የታጠፈ ጉልበት የተሰፋውን ሜኒስከስ ይጨፈልቀዋል። የሰፋልሽ ሐኪም ሌላ ካላለሽ ቢያንስ አራተኛው ወር እስኪሞላ ከዚያ አትለፊ። ጅማ ላይ ደግሞ ኑሯችን በአብዛኛው ዝቅ ያለ ነው። በርጩማችን፣ ለዚያውም እዚሁ የሚጠረበው ያ የሚያምረው ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ላንቺ አሁን ጠላት ነው። ቡና ስታፈዪ ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አውጪውና ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጪ። እንግዶች ምን ይላሉ ካልሽ፣ ጉልበቷ ተሠርቶ ነው ይላሉ፤ አለቀ። ፍራሽ ላይ እግር አጥፎ ሰዓታት መቀመጥም እንደዚያው ይቅር።

መጸዳጃ ቤቱ ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ በር ላይ ላለው አናጢ መሐሉ የተከፈተ ወንበር አሠሪ፤ ብዙ ወጪ የለውም። ይህን የምለው በልምምድ ሰዓት ተጠንቅቀው ስፌታቸውን በመጸዳጃ ቤት ያጡትን ሰዎች ስላየሁ ነው። ሶላት የምትሰግጂ ከሆነ ለጊዜው ወንበር ላይ ስገጂ። ሱጁድ ጉልበትን ጫፍ ድረስ ያጥፋል፣ ሎሚውም መሬት ላይ ያርፋል፤ ጅማቱ ከሎሚው በታች የተወሰደበት ሰው ደግሞ ተንበርክኮ መቆም ለረጅም ጊዜ ያመዋል። ለታመመ ሰው ያለውን ገር መንገድ ኡስታዞችሽ ከኔ በተሻለ ያስረዱሻል።

እናትሽ ወጌሻ ጋ እንሂድ ማለታቸው ካሳቢነት ነው፤ አትቆጪያቸው። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ መልሶ ስንቱን ያሻለ ባለሙያ ነው፤ በየቡድኑም የሚያክመውን ሰው ወጌሻ እያልን ስለምንጠራ ሁሉም አንድ ይመስላል። ያንቺ ጉልበት ግን የወለቀ አይደለም። ውስጡ በአጥንት ቀዳዳ ውስጥ የታሠረ፣ ገና ሥር ያልሰደደ ጅማትና ክር ያለው ሜኒስከስ አለ። በጉልበት ጎትቶ ማስዘርጋትም፣ እምቢ ሲል አጥፎ ማንከርከክም ያንን ሊያላቅቅ ይችላል። የረጋ ደም ያለበትን ባት ማሸትም አደገኛ ነው። እናትሽ በእጃቸው ማገዝ ከፈለጉ ቁስሉ ከደረቀ ወዲህ ጠባሳውን በዘይት ቀስ አድርገው ይሹልሽ፤ ተረከዝሽንም በየሳምንቱ ይለኩልሽ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

ጡንቻውን እንዴት እንመልሰው? ማሽን የለኝም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። እብጠቱ ሲቀንስ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እያሳለፍሽ፣ ጠንከር ያለ ሥራ ሥሪ። ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተነሺ ተቀመጪ፤ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ከዚያ ክብደትሽን ወደ ቀኙ እያጋደልሽ። ሲቀልልሽ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ውኃ ሞልተሽ ያዢ፤ አምስት ኪሎ መሆኑን ታውቂዋለሽ፤ መጨመሩም ቀላል ነው። ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ቁርጭምጭሚትሽን በመቀነት ከወንበሩ እግር ጋር እሰሪና ጉልበትሽ 90 ዲግሪ ታጥፎ ሳለ ወደ ፊት ግፊ፤ እግሩ አይንቀሳቀስም፣ ጡንቻው ግን ይሠራል። አሥር ቁጥር፣ አሥር ጊዜ። ጀርባ ላይ ተኝቶ ዳሌን ማንሳት፣ በጣት መቆም፣ በአንድ እግር ሚዛን ጠብቆ ጥርስ መፋቅ፤ እነዚህን አንቺው ራስሽ ታስተምሪያቸዋለሽ። ዋናው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች ከባድ ካልሆኑ ጡንቻ አያድግም። ሃያ ሠላሳ ጊዜ በቀላሉ የሚነሳ እግር ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ምግብሽም ላይ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና ባቄላ አይጉደል፤ ጡንቻ ከምንም አይሠራም።

ክረምቱን አትርሺ። ሐምሌ ላይ የጅማ መንገድ ጭቃ ነው፤ አንድ ማንሸራተት የወራት ሥራ ያፈርሳል። መሄድ ከፈለግሽ ደረቅ ሰዓት ጠብቀሽ በአስፋልት ሂጂ። ወደ ጂሬን አቀበቱን መውጣት ጥሩ ልምምድ ይሆንሻል፣ ግን በኋላ፤ መውረዱ ከመውጣቱ ይከብዳልና። ቁልቁለት ላይ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፤ የደከመ ጡንቻ ፍሬን አይሆንም። አዲስ አበባ ለክትትል ስትሄጂ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እግር አጥፎ መቀመጥም አይመከርም። የጥግ ወንበር ያዢ፣ በየመሐሉ ቁርጭምጭሚትሽን አንቀሳቅሺ፣ ወልቂጤና ወሊሶ ላይ ወርደሽ ተራመጂ።

መስከረም ላይ ማስተማር ትችያለሽ? ያን ጊዜ አምስት ወር ገደማ ይሆንሻል። ክፍል ውስጥ ማስተማር፣ ሜዳ ጠርዝ ቆሞ ፊሽካ መንፋት፣ አዎ። ማሳየት ግን አይሆንም። ዝላይ፣ ድንገት መቆም፣ መዞር፣ ከተማሪ ጋር መጫወት፤ አንዱም አይሆንም። የሐኪም ማስረጃሽን ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ለርዕሰ መምህሩ ስጪና በቃልም አስረጂ። ከየክፍሉ ሁለት ጎበዝ ልጆች መርጠሽ አንቺ በቃል እየመራሽ እነሱ ያሳዩ። የምፈራልሽ ዕቅድ ያለውን ትምህርት አይደለም። የምፈራው ልጆቹ «ቲቸር፣ አንዴ ብቻ!» ሲሉሽ ነው። አምና የከዳሽም ይኸው ነበር፤ ያልተዘጋጀሽበት አንድ ዝላይ።

እንደ ድሮሽ የምትሆኚበትን ቀን ቆርጬ አልነግርሽም፤ ብነግርሽ ያኔ የተደረገብሽን እደግመዋለሁ። «ስድስት ወር» የተባለው ቁጥር ነው ያሳሳተሽ። ኖርዌይና አሜሪካ ውስጥ 106 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አለ፤ ሰዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠሩ ነበሩ። ወደ ስፖርት መመለስን በአንድ ወር ባዘገዩ ቁጥር፣ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ፣ ጉልበታቸው እንደገና የመጎዳቱ መጠን በግማሽ ገደማ ይቀንስ ነበር። ከዚህ ይበልጥ የማነሳው ግን ሌላውን ውጤት ነው። የጥንካሬና የዝላይ ፈተናውን ሳያልፉ ወደ ከባድ ስፖርት ከተመለሱት 38.2 በመቶው ጉልበታቸውን እንደገና ሲጎዱ፣ አልፈው ከተመለሱት የተጎዱት 5.6 በመቶ ነበሩ። ቀኑ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ይህን ትምህርት እኔም በሰው ጉልበት ነው የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመቴ አንድ ወጣት ኳስ ተጫዋች ሰባተኛ ወሩን ሲጨርስ «ጊዜው ደርሷል» ብዬ ለቀቅኩት። አያምም፣ አያብጥም፣ በደንብ ይሮጣል። ጭኑን አልለካሁም፣ በአንድ እግር አላዘለልኩትም። ከአምስት ሳምንት በኋላ በክራንች ተመልሶ መጣ። ፊቱን እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ማንንም በቀን መቁጠሪያ አልሸኘሁም።

አንቺም ብዙዎቻችን የምናውቀውን ሮናልዶን፣ ብራዚላዊውን ኳስ ተጫዋች፣ አስቢው። የእሱ የተጎዳው ሌላ ጅማት ነው፣ ከሎሚው በታች ያለው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1999 ተጎድቶ ተሠራ፤ አምስት ወር ገደማ ቆይቶ በሚያዝያ 2000 ለኢንተር ሚላን ገባና አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ሙሉ በሙሉ ተበጠሰ። ከሁለተኛው በኋላ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ስምንት ጎል አስቆጠረ። በዓለም ምርጥ ሐኪም የታከመውንም ሰው ጉልበቱ ጊዜ ጠይቆታል።

ያንቺን በሮች እንዲህ አስቢያቸው። ሩጫ ከአምስተኛው ወር በፊት አታስቢ፤ ያኔም ጉልበቱ የማያብጥ፣ ሙሉ የሚዘረጋ፣ ቀኙ ቢያንስ የግራውን አራት አምስተኛ ያህል የሚገፋ ከሆነ ብቻ ነው። በሁለት እግር መዝለልና ማረፍ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ከዚያ በአንድ እግር፣ ከዚያ መዞርና ድንገት መቆም። እጅ ኳስ፣ ተቃራኒ ተጫዋች ያለበት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ለተሠራ ሰው ከአንድ ዓመት በፊት አልፈቅድም። በየወሩ የምትለኪው አለ፦ ከሎሚው የላይኛው ጠርዝ 15 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ቆጥረሽ የሁለቱን ጭን ዙሪያ፤ በአንድ እግር ከወንበር ስንት ጊዜ እንደምትነሺ፤ በኋላ ደግሞ በአንድ እግር ዘለሽ ምን ያህል ርቀሽ ጸንተሽ እንደምታርፊ። ቀኙ የግራውን 90 በመቶ መድረስ አለበት። ግን ግራሽም በእነዚህ ወራት ሰንፏል፤ ሁለቱንም አሠልጥኚ፣ አለበለዚያ ከደከመ እግር ጋር እኩል ሆንኩ ብለሽ ትታለያለሽ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሆነ ሌላ ቦታ የፊዚዮቴራፒ ክትትል ካለሽ እነዚህን ቁጥሮች ይዘሽ ሂጂ፤ ባለሙያው ሥራው ይቀለዋል።

ሦስተኛ ጊዜ ይበጠስ ይሆን? ሁለተኛ ጊዜ የተሠራ ጉልበት ከመጀመሪያው ይልቅ የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ አልደብቅሽም። አሜሪካ ውስጥ 83 ሐኪሞች ተባብረው ድጋሚ የተሠሩ 1,205 ሰዎችን መዝግበው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከተከታተሏቸው 1,112 ሰዎች እንደገና የተበጠሰባቸው 37 ናቸው። የራሳቸው ጅማት የተተከለላቸው ደግሞ ከሟች ሰው የተወሰደ ጅማት ከተተከለላቸው ይልቅ የመበጠስ ዕድላቸው በ2.78 እጥፍ ያነሰ ነበር። ያንቺ የራስሽ ነው። ቁጥሩ ተስፋ ይሰጣል፤ ግን ሁሉም ወደ እጅ ኳስ ሜዳ የተመለሱ ሰዎች ስላልሆኑ ለመቸኮል ማስረጃ አታድርጊው።

ስለ ጥፋት ለጠየቅሽኝ፦ መጀመሪያ የተተከለልሽ ጅማት ለምን እንደተበጠሰ የሚያስረዱ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ቶሎ መመለስ አንዱ ነው። የቀዳዳው ቦታ መሳሳት፣ ሳይታይ ያለፈ የሌላ ጅማት ጉዳት፣ የቅልጥም አጥንት የላይኛው ገጽ ወደ ኋላ አብዝቶ ማዘንበል፣ ጅማቱ ሥር ሳይሰድ መቅረት፤ ብዙውን ጊዜም ሁለት ሦስቱ ተደርበው ነው። ስድስት ወር የተባልሽውን አክብረሽ ስድስት ወር ጠበቅሽ። ጥፋት ብለሽ የምታለቅሺበት ነገር እኔ አይታየኝም። ከማልቀስ ይልቅ የሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና ሪፖርት ጠይቂና ያዢ፤ መብትሽ ነው። ሐኪምሽን አራት ነገር ጠይቂው፦ የመጀመሪያው ለምን ተበጠሰ ይላል? ያሮጌውን ቀዳዳ ተጠቀመ ወይስ አዲስ ቀደደ? የአጥንቱ ዝንባሌ ስንት ነው? ሜኒስከሱ የተሰፋው የት ላይ ነው፣ ሥሩ ላይ ከሆነ የመታጠፊያው ገደብ ይረዝማልና?

ወደ እጅ ኳስ መመለስ አለብኝ ወይ የሚለውን አልጠየቅሽኝም፤ ግን ሐሳቤን ልንገርሽ። መጫወት የሕይወትሽ ደስታ ከሆነ ፈተናውን አልፈሽ ተመለሺ፤ ሜኒስከስሽ እንደገና ቢጎዳ ግን ጉልበትሽን ቀድሞ እንደሚያስረጅ አውቀሽ ይሁን። ማስተማሩ የሚበልጥብሽ ከሆነ እጅ ኳስን ለልጆቹ ትተሽ ብስክሌት፣ ዋና፣ ሩጫ ብትይዢ ተሸነፍሽ የሚልሽን ሰው አትስሚው። ይህን ውሳኔ ደግሞ አሁን፣ በደከምሽበት ሳምንት፣ አትወስኚው። ፍርሃቱም እስከዚያ ይኖራል፤ ለሁለተኛ ጊዜ የከዳሽን ጉልበት መፍራት ጤነኛ ነገር ነው፤ ቁጥሮቹ እያደጉ ሲሄዱ ቀስ በቀስ ይላላል እንጂ በምክር አይጠፋም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ነገር ጻፊልኝ፦ የሁለቱ ተረከዝ ልዩነት በሴንቲሜትር፣ የሁለቱ ጭን ዙሪያ፣ ማታ ስትጠርጊው ማዕበሉ እንዳለ ወይም እንደጠፋ። የተረከዙ ልዩነት ካልቀነሰ ግን ለኔ ከመጻፍሽ በፊት ለሐኪምሽ ደውዪ።